በታክሲ መስታወት የታየው ስሞሽ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራው ዘራቸው የተለያየ ጥንዶች በአሜሪካ ፊልም ውስጥ እንዴት እንደሚታዩ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ጉዳይ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ቆጠራ ይሄዳል። ስንት ፊልም ላይ ጥቁርና ነጭ ተፋቀሩ? ከድሮው ጨመረ ወይስ ቀነሰ? መልሱ ቀላል ነው፤ ጨምሯል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሁለቱ ተፋቅረው ስክሪኑ ላይ ሲታዩ፣ እንዲያጠፋ የሚፈቀድለት ማን ነው? እንከን አይገኝብህ የሚባለውስ? የማን ገላ ነው ለካሜራ የሚቀርበው? ፊልሙ ሲያልቅ ዘመድ ወገን የሚተርፈው ለማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ ፊልም ስታዩ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሚዛኑ ሁለት ነው። ነጩ በአንዱ ይመዘናል፣ የነጩ ፍቅረኛ በሌላው።

በሁለት ፊልሞች ልጀምር። እነሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

የመጀመሪያው በ1967 የወጣው «ጌስ ሁዝ ካሚንግ ቱ ዲነር» ነው። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ክሬመር ነው። አንዲት ነጭ ወጣት ሃዋይ ላይ ከአንድ ጥቁር ሰው ጋር ትተዋወቃለች። በዐሥር ቀን ውስጥ ልታገባው ወስና ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኘው የወላጆቿ ቤት ይዛው ትመጣለች። አባትየው ጋዜጣ አሳታሚ ነው። ልጃቸውን «ሰው ሁሉ እኩል ነው» እያሉ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። አሁን ነገሩ በራቸው ላይ መጥቶ ቆመ።

ሰውዬው ማን ነው? ሲድኒ ፖይቲዬ የሚጫወተው ዶክተር ጆን ፕሬንቲስ ነው። ተራ ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ በዓለም ጤና ድርጅት የሠራ፣ በሙያው አንቱ የተባለ ነው። ሚስቱና ልጁ በአደጋ ሞተውበታል። ከልጅቷ ጋር አልተኛም። እሷ ፈልጋ ነበር፤ እምቢ ያለው እሱ ነው። ይህንንም ራሷ ለእናቷ ትናገራለች። ከአባትየው ቢሮ ለወላጆቹ ስልክ ሲደውል፣ የጥሪውን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ይባስ ብሎ ለወላጆቿ በጎን «እናንተ ካልፈቀዳችሁ ጋብቻው ይቀራል» ይላቸዋል። እጮኛው ይህን አታውቅም።

እስቲ አሁን ልጅቷን እዩ። 23 ዓመቷ ነው። ደስ የምትል ልጅ ነች። ሌላስ? ሌላ የለም። ምን ትሠራለች፣ ምን ትወዳለች፣ ምን አጥፍታ ታውቃለች ብሎ የሚጠይቃት የለም። እሱ አንዲት ተራ ልጅ ለማግባት የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም መሆን ነበረበት። እሷ እሱን ለማግባት የሚጠበቅባት ነገር ቢኖር በደስታ መፍለቅለቅ ብቻ ነው።

ክሬመር ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው። ሰውዬው ምንም እንከን ከሌለበት፣ እምቢ ለማለት የሚቀረው ምክንያት ቀለሙ ብቻ ይሆናል። ሐሳቡ ይገባኛል። በዚያ ዘመን ደግሞ ድፍረት ነበር። ግን ሳይታሰብ አብሮ የገባ መልእክት አለ፤ ጥቁር ሰው ፍቅር የሚገባው ፈተና ሲያልፍ ነው። ፈታኙም ነጩ አባት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም ሳሎን ተቀምጦ የእሱን ንግግር ያዳምጣል። የዶክተሩ ወላጆች ሳይቀሩ! በዚያ ላይ ጥንዶቹን በጣም የሚያመናጭቁት እነማን እንደሆኑ ልብ በሉ። አንዱ የዶክተሩ ጥቁር አባት ነው፤ ሌላዋ የቤቱ ጥቁር ሠራተኛ ቲሊ ነች። ነጮቹ ወላጆች በጨዋ ደንብ ይጨነቃሉ። ቁጣው ለጥቁሮቹ ተትቷል።

ስሞሹስ? በፊልሙ ሁሉ ሁለቱ በፍቅር ሲሳሳሙ የምናየው አንዴ ነው። እሱንም በቀጥታ አናየውም። ከኤርፖርት በሚወስዳቸው ታክሲ ውስጥ ናቸው፤ የምናያቸው በሹፌሩ መስታወት ነው። ሹፌሩ በመስታወቱ ይታዘባቸዋል፤ እኛም በእሱ ዓይን እናያቸዋለን። ካሜራ የት እንደሚቆም ዝም ብሎ የሚወሰን ነገር አይደለም። እዚህ ተመልካቹን ከታዛቢው ጋር ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦታል። ጥንዶቹ ከኋላ፣ በትንሽ መስታወት ውስጥ፣ ለጥቂት ሰከንድ።

ጊዜውን ለማስታወስ ያህል፣ አባትየውን የተጫወተው ስፔንሰር ትሬሲ ያረፈው ጁን 10 ቀን 1967 ነው። ፊልሙ ተቀርጾ አልቆ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጁን 12፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላቪንግ የተባሉ ዘራቸው የተለያየ ባልና ሚስትን ጉዳይ ወሰነ። በ16 ግዛቶች የነበረውን የዘር ጋብቻ ክልከላ ሻረ። ካሜራው ሲሠራ በነበረበት ወቅት የእነዚህ ሁለት ገጸ ባሕርያት ጋብቻ በእነዚያ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ፊልም ከ34 ዓመት በኋላ በ2001 የወጣው «ሞንስተርስ ቦል» ነው። እዚህ ወንዱ ነጭ ነው፤ ሴቷ ጥቁር። ሃንክ ይባላል፤ ቢሊ ቦብ ቶርንተን ነው የሚጫወተው። ጆርጂያ ውስጥ የእስር ቤት መኮንን ነው። ዘረኛ ነው። ጥቁር ልጆች ግቢው ሲመጡ ጠመንጃ ይዞ ያባርራቸዋል። ሞት የተፈረደበትን አንድ ጥቁር እስረኛ ወደ ኤሌክትሪክ ወንበሩ ከሚወስዱት አንዱ ነው። ሃሊ ቤሪ የምትጫወታት ሌቲሻ የዚያ እስረኛ ሚስት ነች። ሰውየው ከተገደለ በኋላ አንድ ልጇ በመኪና ተገጭቶ ይሞታል። ከዚያ ሃንክና ሌቲሻ ይቀራረባሉ።

አሁን ከፕሬንቲስ ጋር አስተያዩት። ፕሬንቲስ የስልክ ሒሳብ እንኳ ዕዳ እንዳይኖርበት ተደርጎ ነው የተጻፈው። ሃንክ ባሏን ወደ ሞት የወሰደ ሰው ነው። ፕሬንቲስ የወላጅ ፈቃድ ለመነ። ሃንክን ግን የማን ልጅ ነህ፣ ምን ሠርተሃል ብሎ የሚያፋጥጠው የሌቲሻ ዘመድ የለም። ባሏ ሞቷል፣ ልጇ ሞቷል። እናት፣ እህት፣ ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ አንድም የለም። አንዲት የደቡብ አሜሪካ ግዛት ጥቁር ሴት ሁለት ቀብር ቀብራ የሚያለቅስላት ሰው ሲጠፋ፣ ያ የታሪኩ እውነት ሊሆን አይችልም። ለእሱ መንገዱ እንዲጸዳለት ተብሎ ነው ሰው የጠፋው።

መተኛቱም ሌላ ነው። በታክሲ መስታወት የለም። ረጅም ነው፣ ግልጽ ነው፣ የሌቲሻ ራቁት ገላ ካሜራው ፊት ነው። እኔ ፊልም ላይ ገላ ለምን ታየ የምል ሰው አይደለሁም። የማነሳው ልዩነቱን ነው። ጥቁር ወንድ ነጭ ሴት ሲነካ ካሜራው ዓይኑን ይሰብራል። ነጭ ወንድ ጥቁር ሴት ሲነካ ካሜራው አልጋው ድረስ ይገባል።

መጨረሻው ላይ ሌቲሻ ባሏ እስር ቤት ሆኖ የሳለውን የሃንክን ፊት ታገኛለች። ማን እንደሆነ ይገባታል። ሃንክ አይስክሬም ገዝቶ ይመጣል። ደጃፉ ደረጃ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፤ ደህና እንደሚሆኑ ይነግራታል። እሷ ምንም አትልም። ሃሊ ቤሪ በዚያ ዝምታ ውስጥ የምታሳየው ነገር ትልቅ ነው፤ ትወናዋን ማንም አይነቅፍም። ስክሪፕቱ ግን ንግግሩን ለእሱ ሰጥቶ ዝምታውን ለእሷ ተወ። የእሱ ዘረኝነት በእሷ ፍቅር ሲታከም አየን። የእሷ ሐዘን በምን እንደታከመ ግን አላየንም። ጥቁሯ ተዋናይት አንጀላ ባሴት ይህን ሚና እንደማትፈልገው በወቅቱ በይፋ ተናግራ ነበር።

ማርች 24 ቀን 2002 ሃሊ ቤሪ በዚህ ሚና የምርጥ ዋና ተዋናይት ኦስካር ወሰደች። ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ነች። በዚያው ምሽት፣ በዚያው መድረክ፣ ሲድኒ ፖይቲዬ የክብር ኦስካር ተሰጠው። ጭብጨባው ለሁለቱም የሚገባ ነበር። እኔን ግን ያ ምሽት ሁሌ ያስገርመኛል። አንዱ ጥቁር ተዋናይ ለዓመታት ስክሪን ላይ ማንንም እምብዛም እንዳይነካ የተደረገ ሰው ነው። ሌላዋ ደግሞ የተሸለመችበት ሚና ባሏን ወደ ሞት ከወሰደው ሰው ጋር የምትተኛበት ነው።

ይህ ነገር ከየት መጣ? ከሩቅ። በ1915 የወጣው «ዘ በርዝ ኦቭ ኤ ኔሽን» ላይ ፊቱን ጥቁር የተቀባ ነጭ ተዋናይ አንዲትን ነጭ ልጃገረድ ሲያሳድድ ይታያል፤ ልጅቷ ከገደል ራሷን ትወረውራለች። ከዚያ የነጭ ዘረኞች ቡድን የሆነው ኩ ክላክስ ክላን እንደ ጀግና ብቅ ይላል። ይህ ፊልም በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን ኋይት ሃውስ ውስጥ ታይቷል። ጥቁር ወንድ ወደ ነጭ ሴት ሲቀርብ አደጋ ነው የሚለው ሥዕል እዚያ ላይ ተተከለ። ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ልጅ አንዲት ነጭ ሴት ተዳፍሯል ተብሎ ተገደለ። በነጭ ባለ እርሻና በጥቁር ሴት ሠራተኛው መካከል የሚሆነውን ግን ሀገሩ ለዘመናት እያየ ዝም ብሏል። ሁለቱ ሚዛኖች ከስቱዲዮ በፊት በሕይወት ውስጥ ነበሩ።

ቀጥሎ ሕግ ሆነ። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በ1930 ያጸደቁትና ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት የፊልም ደንብ በጥቁርና በነጭ መካከል የሚደረግ የፍቅር ግንኙነትን በስም ጠቅሶ ከለከለ። ክልከላው የተነሳው በ1956 ነው። ደንቡ የሚጽፈው ስለ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ለእስያውያንም ተረፈ። አና ሜይ ዎንግ ሎስ አንጀለስ የተወለደች ታዋቂ ቻይናዊ አሜሪካዊት ተዋናይ ነበረች። በ1937 የወጣ፣ የቻይና ገበሬዎችን ታሪክ የሚተርክ ትልቅ ፊልም ሲሠራ ሚስትየዋን ልትጫወት የሚገባት እሷ ነበረች። ባልየውን እንዲጫወት የተመረጠው ግን ነጩ ፖል ሙኒ ነው። ስለዚህ ሚስትየዋም ነጭ መሆን ነበረባት። ሚናውን ሉዊዝ ራይነር አገኘች፤ ኦስካርም ወሰደችበት። ለዎንግ የታሰበላት የሁለተኛዋ ሴት ሚና ነበር፤ ትዳር የምትበጠብጠዋ። አልፈልግም አለች።

ጥቁር ገጸ ባሕርይ ነጭ ወንድ እንዲስማት ሲፈለግም መላ ነበረው። በ1949 «ፒንኪ» ላይ ነጭ መስላ የምትኖረውን ጥቁር ሴት የተጫወተችው ነጯ ጂን ክሬን ነች። ታሪኩ ስለ ጥቁር ሴት ነው፤ የሚሳመው ከንፈር ግን የነጭ ነው። እንጀራውን ጥቁር ተዋናይት አጣችው ማለት ነው።

ሁለቱን ሚዛኖች በአንድ ፊልም ውስጥ ማየት ከፈለጋችሁ «አይላንድ ኢን ዘ ሰን»ን ፈልጉ፤ 1957። ክልከላው ከተነሳ ገና ዓመት ገደማ ነው። ሁለት ጥንዶች አሉ። ዶሮቲ ዳንድሪጅ ጥቁር ነች፤ ፍቅረኛዋ ነጭ እንግሊዛዊ ነው። ይተቃቀፋሉ፤ መጨረሻ ላይም አብረው ወደ እንግሊዝ ይሄዳሉ። ሌሎቹ ሃሪ ቤላፎንቴና ጆን ፎንቴን ናቸው፤ ወንዱ ጥቁር፣ ሴቷ ነጭ። አይሳሳሙም። ይለያያሉ። ያም ሆኖ የዛቻ ደብዳቤ የጎረፈላት ለጆን ፎንቴን ነው። ምንም ሳትስም!

አንዳንዶች ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ ነው ይላሉ። ደንቡ በ1968 ተሰርዟል፣ ሕጉም ተሽሯል፣ አሁን ሰው ነፃ ነው። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ በ1958 ሲጠይቅ የጥቁርና የነጭ ጋብቻን የደገፉት አሜሪካውያን 4 በመቶ ነበሩ፤ በ2021 ደግሞ 94 በመቶ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ደስ ይላል። ስቱዲዮዎቹ ግን ከሕዝቡ ኋላ ቀርተዋል። ደንቡ ቢሰረዝም ሥራው ወደ ሒሳብ ክፍል ተዛውሯል።

ዊል ስሚዝ ይህን ራሱ ተናግሮታል። በ2005 «ሂች» ሲወጣ ለምን ኢቫ ሜንዴስ ከእሱ ጋር እንደተመረጠች አስረድቷል። ሁለቱም ጥቁር ከሆኑ ፊልሙ «የጥቁር ፊልም» ይባልና ውጭ አገር አይሸጥም የሚል ሥጋት አለ። ሴቷ ነጭ ከሆነች ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ችግር ይሆናል። ስለዚህ ከሁለቱም ያልሆነች ተፈለገች። በዚያን ጊዜ ዊል ስሚዝ ከዓለም ትልልቅ ኮከቦች አንዱ ነበር። እሱን እንዲህ ካደረጉት ሌላው ምን ይሆናል? ኢቫ ሜንዴስም ብትሆን ጎበዝ ተዋናይ ነች፤ እንደ ማምለጫ መንገድ መታየቷ ለእሷም ንቀት ነው።

እስያዊ ወንድስ? በ2000 «ሮሚዮ መስት ዳይ» ወጣ። ቻይናዊው ጄት ሊና ጥቁሯ አሜሪካዊት አሊያ ናቸው። ስሙ ራሱ ሮሚዮ የሚል ፊልም ነው፤ መጨረሻው ላይ ሁለቱ ይተቃቀፋሉ፣ በቃ። ስሞሹ ተቀርጾ ነበር፣ የሙከራ ተመልካቾች ስላልወደዱት ወጣ ተብሎ በሰፊው ተዘግቧል። እስያዊት ሴት ለነጭ ወንድ ስትሞት ግን ቢያንስ ከ1922 ጀምሮ ስናይ ኖረናል። ያኔ «ዘ ቶል ኦቭ ዘ ሲ» ላይ ያቺው አና ሜይ ዎንግ፣ ገና ወጣት ሳለች፣ አሜሪካዊው ፍቅረኛዋ ጥሏት ሄዶ ባሕር ውስጥ ገብታለች።

ደህና የሠሩም አሉ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የተወለደችውን፣ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአይርላንዳዊት እናት የተገኘችውን ሩት ነጋን አነሳለሁ። በ2016 «ላቪንግ» ላይ ሚልድረድ ላቪንግን ተጫውታ ለኦስካር ታጭታለች። እውነተኛው ታሪክ የሚታወቅ ነው። ሪቻርድና ሚልድረድ በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ወደ ቨርጂኒያ ሲመለሱ ፖሊስ በሌሊት ከመኝታቸው አስነስቶ ወሰዳቸው። ዳኛው ለ25 ዓመት ከግዛቱ ከወጡ እስራቱ ይቀርላቸዋል አለ።

ፊልሙን የምወደው እነዚያን ጥያቄዎቼን ስለሚያልፍ ነው። ሪቻርድ ግንበኛ ነው። ብዙ አይናገርም፤ ታላቅ ሰውም አይደለም። ሚልድረድ እህት አላት፣ ወላጅ አላት፣ የምትናፍቀው ሜዳ አላት። ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ የምትጽፈው እሷ ነች። ነገሩን የምታንቀሳቅሰው እሷ ነች። ካሜራውም የማንንም ገላ አይሻማም።

ግን እዚህም ወንዱ ነጭ ነው። በዚያው በ2016 ጥቁር ወንድና ነጭ ሴት የታዩበት ትልቅ ፊልም «ኤ ዩናይትድ ኪንግደም» ነበር፤ የሴሬትሴ ካማና የሩት ዊሊያምስ ታሪክ። እሱም እውነተኛ ነው፤ ጥሩ ፊልም ነው። ወንዱ ግን በቤቹዋናላንድ የባማንግዋቶ ሕዝብ አልጋ ወራሽ፣ ኋላ የቦትስዋና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነው። ነጩ ባል ግንበኛ ሆኖ ይበቃዋል። ጥቁሩ ባል በ1967 የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም፣ በ2016 አልጋ ወራሽ። እውነተኛ ታሪክም ቢሆን ከብዙ እውነተኛ ታሪኮች መሐል ተመርጦ ነው ፊልም የሚሆነው።

ተራ ጥቁር ወንድ፣ ሥራው ተራ፣ ሲያፈቅር የምናይበት ፊልም የለም ወይ? አለ። የዳይሬክተር ሚራ ናይር «ሚሲሲፒ ማሳላ»፣ 1991። ዴንዘል ዋሽንግተን ምንጣፍ አጣቢ ነው። የባንክ ብድር አለበት። አባት አለው፣ ወንድም አለው፣ ቤታቸው ግብዣ ሲኖር ቤተሰቡ ተሰብስቦ እናያለን። ፍቅረኛው ሚና ሕንዳዊት ነች፤ ቤተሰቧ ኢዲ አሚን በ1972 ከኡጋንዳ ካባረራቸው እስያውያን አንዱ ነው። እሷም አባትና እናት አላት፣ አክስትና አጎት አላት፤ ሁሉም ይጮሁባታል። ወንዱ ይቆጣል፣ ይሳሳታል፣ ይቀናል። ሁለቱም ይፈላለጋሉ፤ ካሜራው ይህን ሲያሳይ ማንንም አይደብቅም፣ ማንንም አያዋርድም። ከሁለቱ ማንም አይሞትም። ዋጋውንም ሁለቱ እኩል ይከፍላሉ፤ እሱ ሥራውን ያጣል፣ እሷ ቤቷን ትታ ትወጣለች።

በጥንዶቹ መካከል ነጭ የለም። ሚራ ናይር ለዚህ ፊልም ገንዘብ ስትፈልግ፣ ነጭ ዋና ገጸ ባሕርይ እንድታስገባ እንደተጠየቀች ተናግራለች። አላስገባችም፤ በአነስተኛ በጀት ሠራችው።

እስካሁን ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።